ልጅቱ እንዳትሰማ

ጉልበቴን መጀመሪያ ያመመኝ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ነው። አስተማሪ ሆኜ ፍኖተ ሰላም በመጣሁበት ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ፣ ለሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ዓይነ አፋር ስለሆንኩ ፊቴን ወደ ተማሪዎቹ አዙሬ መቆም ይጨንቀኛል፤ ስለዚህ አብዝቼ እጽፋለሁ። ልጆቹም ይህን አውቀውብኝ «ሚስ፣ ኧረ ጠመኔው አለቀ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በዚያን ቀን የዓባይን ገባሮች እየጻፍኩ ሳለ ቀኝ ጉልበቴን ከውስጥ፣ ከአጥንቱ፣ አንድ ነገር ነከስ አደረገኝ። ወንበር ስቤ ጉልበቴን አሳረፍኩበትና ጽፌ ጨረስኩ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የመጣች ሴት በከተማው ብርቅ ስለነበረች ሰው ሁሉ ያውቀኛል። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ወደ ተከራየሁበት ቤት፣ ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚያደርሰው መንገድ ሌላ አላውቅም ነበር። ማነከሴን እንኳ ከእኔ ቀድማ ያየችው የቤቱ ባለቤት ናት።

«አንቺ ልጅ፣ የት ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም፣ እትዬ።»

«ሳይወድቁ ማነከስ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት ነው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሕመሙ እንደ ወለምታ ያለ መስሎኝ ነበር።

ለገና ወደ ወላጆቼ ሄድኩ። ቤታችን ከቡሬ ወዲያ፣ የፈጣምን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቅሎ ላልያዘ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እናቴ ገና ከደጃፍ ስገባ እግሬን አየች። ወዲያው ወጌሻ አስጠራች። ወጌሻው የሰፈሩን ሰው ሁሉ አጥንት የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበቴን በቅቤ እያሹ «ወለምታ ነው። የወረቀት ሸክም ነው ያመጣብሽ» አሉኝ። እጃቸው ልምድ ያለው ለስላሳ እጅ ነበር፤ ሆኖም በነካኝ ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር። በማግስቱ እብጠቱ ጨመረ። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቅ ጀመር። ወጌሻው ደግመው ሲያዩት አላሹትም። የቅቤውን ዕቃ አቅፈው ቁጭ አሉና «ይህ የኔ አይደለም» አሉ።

ከዚያ ጠበል ሆነ። እናቴ ይዛኝ ሄደች፤ እስከ ጥምቀት ድረስ እዚያው ሰነበትን። ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ለጊዜው ያስታግስልኛል። በየጠዋቱ ከጠበሉ ስንመለስ እናቴ መዳፏን በጉልበቴ ላይ ታሳርፍና «ዛሬስ ቀንሷል» ትላለች። «አዎ፣ እምዬ» እላታለሁ። ሁለታችንም እንዳልቀነሰ እናውቅ ነበር።

መሬት ይለካል የሚባል ወሬ ጎጃምን ያመሰበት ዓመት ነበርና አባቴ ከሸንጎ ሸንጎ ሲሉ ከርመው ነበር። ጥምቀት ሲያልፍ ግን ሁሉን ትተው ፍኖተ ሰላም ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሙ ከውጭ አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ ሽበታም ሰው ናቸው። ከአማርኛ የሚያውቁት «ያማል?» እና «አያምም?» የሚሉትን ብቻ ነው። ሌላውን የሚያስተረጉሙት በቁስል አጣቢው በድሬሰሩ ነው። እኔ እንግሊዝኛ እንደምችል ሲያውቁ ግን ድሬሰሩን ወደ ሌላ ሥራ ላኩት። ራጅ አነሱኝ። ከአጥንቴ ትንሽ ቁራሽ ወስደውም አዲስ አበባ ላኩ። መልሱ ሲመጣ አባቴንና እኔን አስጠሩን።

አባቴ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ነበር። የሐኪሙን ፊት አዩና ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ወደ ውጭ ውጪ» አሉኝ።

በእኛ አገር የከባድ በሽታ ነገር ለታማሚው አይነገርም። ለዘመድ ይነገራል። ዘመድ ያንን ይዞ፣ ታማሚው ፊት እየሳቀ፣ ደጅ ወጥቶ ያለቅሳል። አባቴ ይህንን ሥርዓት ከሰው ጋር ሲፈጽሙ ኖረዋል፤ ለጎረቤት ሁሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ወጣሁና በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ሐኪሙ አንድ ነገር ተናገሩ። አባቴ «እ?» አሉ። ሐኪሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። አባቴም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አልገባኝም፣ ጌታዬ! ልጄ ምን ሆነች?» አሉ። ሁለቱም የተደናቆሩ ይመስል ይጮሁ ጀመር። ድሬሰሩ ለፈንጣጣ ክትባት ጅጋ ሄዷል።  ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

አባቴ በሩን ከፈቱት። «ነይ ግቢ» አሉኝ። ገብቼ ቆምኩ።  የከበደ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣

«አንቺ ሳትሰሚ ንገሪኝ» አሉ።

እንዴት እንደሚሆን አልጠየቅኳቸውም። ገብቶኛል። ሰሌዳ ላይ እንደምጽፍ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሐኪሙ መናገር ጀመሩ፤ እኔም በአማርኛ ተከተልኳቸው።

«በሽታው ከአጥንት የሚነሳ ነው ይላሉ። ብዙ ሰው ላይ አይታይም ይላሉ።»

«ማን ላይ?» አሉ አባቴ።

ቃሉ እንዴት ወደ አፌ እንደመጣ አላውቅም። «ልጅቱ ላይ» አልኩ።

«እሺ። ነቀርሳ ነው?»

«እንደዚያ ያለ ነው። ግን ከዚያም የፈጠነ ነው ይላሉ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ኪኒን አይመልሰውም ይላሉ። የልጅቱ እግር ከጉልበቷ በላይ ይቆረጥ፤ ሳይውል ሳያድር ይቆረጥ ይላሉ።»

የአባቴ በትር ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ። «ከተቆረጠስ ትድናለች?»

 ሐኪሙ የመለሱትን እንዳለ፣ ምንም ሳልቀንስ አስተላለፍኩ። «የሚድን አለ። አንዳንዱን ግን በሽታው ቀድሞ ሳንባው ገብቶ ያደባበታል። የልጅቱ ሳንባ አሁን ንጹሕ ይመስላል፤ ዓመት ሳይሞላ ሊታይ ግን ይችላል። ከታየ ወዲያ የምናደርገው የለንም ይላሉ።»

 ስለ አንዲት ስለማላውቃት ሴት እያወራሁ ያለሁ ያህል ነበር፤ አሳዘነችኝም።

«ልጅቱ ታውቃለች?» አሉ አባቴ።

ይህን ለሐኪሙ አልተረጎምኩም። «አታውቅም» አልኩ።

«ደግ። አትንገሯት።»

ሐኪሙ አባትሽ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። እሺ ብለዋል አልኳቸው። ከዚያ አባቴ ተነሡና ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ደጅ ስንወጣም «ደህና ትሆኛለሽ፤ ትንሽ ነገር ነው» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባዬ» አልኳቸው።

ለእናቴ የመቆረጡን ነገር እንኳ እንዳንነግር አባቴ ወሰኑ። «ይህንን አትችለውም። ድነሽ ስትገቢ ታየዋለች» አሉ። እሷን ያወቀ ሰው አይፈርድባቸውም። እናቴ ዶሮ እንኳ ሲያነክስ ማየት አትወድም።

እግሬ ሊቆረጥ በዋዜማው አባቴ ሌላ ነገር አመጡ። «እግሩን ምን እንደሚያደርጉት ጠይቂልኝ» አሉ። ጠየቅሁ። ከሆስፒታሉ ጀርባ ለእንደዚህ ያለው የተማሰ ጉድጓድ አለ አሉ ሐኪሙ።

«አይሆንም በያቸው። የሷ ነው። ከአያቶቿ ጋር ይቀበራል።»

ሐኪሙ ምክንያቱን ጠየቁኝ። በትንሣኤ ቀን ሙሉ ሆኜ እንድነሣ ነው ብዬ አስረዳሁ። ዩኒቨርሲቲ የአጥንትና የሥጋን ነገር ከመጽሐፍ ተምሬያለሁ፤ ይህን ለፈረንጅ ስናገር አፍራለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላፈርኩም። ነገሩ ደስ አለኝ። ሐኪሙ ትንሽ አሰቡና «ይሁን» አሉ።

እግሬ ስለተቆረጠበት ቀን ብዙ የማስታውሰው የለኝም። ስነቃ መጀመሪያ የተሰማኝ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ማሳከክ ነው። አባቴ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«አባዬ፣ አውራ ጣቴን ያሳክከኛል» አልኳቸው።

አላረሙኝም። «የቱ ጋ?» አሉና እጃቸውን ሰደው፣ እግሬ ይኖርበት ከነበረው ቦታ ባዶውን አንሶላ አከኩልኝ። ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ ባሳከከኝ ቁጥር እንደዚያ ያደርጉልኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ እግርሽ የለም አላሉኝም።

እግሬን ወደ አገር ቤት ይዞ የሄደው የእናቴ ወንድም ነው። አጎቴ አውቶቡስ የሚፈራ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሳሙና ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን እግር አቅፎ ተሳፈረ። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁትም፤ እሱም ጎረቤቶቻችንም እየተቀባበሉ ነግረውኛል።

አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቡሬ የደረሱት ገበያ ሲፈታ ነው። መንገዱ ስለመሸበት አጎቴ እዚያው ለማደር ወሰነ። ከገበያ የሚመለሱ ሁለት የአጥቢያችን ሰዎች አገኘና፣ «ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከልጅቱ አባት ወገኖች መቃብር አጠገብ መሬት ቆፍራችሁ ቆዩኝ። ለእናቷ ግን ምንም እንዳትነግሩ» አላቸው።

ሰዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። አጎቴም «አሜን» አለ። ለሱም ነገሩ ከባድ ነበርና ቃሉ በዛ አልመሰለውም። ከዚህ በላይ አልጠየቁትም። መቃብር አስቆፍሩልኝ ያለን ሰው ማን ምን ብሎ ይጠይቃል? ለእናቷ እንዳትነግሩ ማለትም ምን ማለት እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቃል፤ መርዶ ነው፤ መርዶ ደግሞ መንገድ ላይ አይጣልም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ተጠርቶ፣ ማለዳ ባለቤቱ እህል ሳይቀምስ ይነገራል።

እንደዚሁ አደረጉ። ጎህ ሲቀድ እናቴ ጥጃ ልትፈታ ወጣች። ደጃፉ ላይ ሽማግሌዎቹን፣ የንስሐ አባታችንንና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችን አየች። ማንም አፉን አልከፈተም። ጥጃውን ለቀቀችና መሬት ላይ ወደቀች።

አጎቴ ሳጥኑን በተከራየው በቅሎ ጭኖ ሲመጣ ዋይታውን ከማዶ ሆኖ ሰማ። ስለ እግሩ ነው የመሰለው። «ማነው የነገራት?» እያለ እየተሳደበ ወረደ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። እናቴ ከመሐል ደረቷን ትመታለች።

«እህቴ፣ በቃሽ። ነፍሷ እስካለች ምን አለበት?» አላት።

ሰዉ ሐዘን አእምሮውን ነሳው ብሎ ከንፈር መጠጠለት። አንዱ ሽማግሌ ክንዱን ይዘው ሊያስቀምጡት ሞከሩ። ይሄኔ ነው አጎቴ፣ በዕድሜው ሁሉ ጮኾ የማያውቀው ሰው፣ የጮኸው።

«ኧረ አለች! ትናንት ምስር ሾርባ ጠጥታለች! ጨው ያንሰዋል ብላ ተቆጥታለች!»

ዋይታው ቆመ። የንስሐ አባታችን «አንተ ሰው፣ ታዲያ ምን ልትቀብር ነው ያስቆፈርከን?» አሉት።

አጎቴ በበቅሎው ላይ ያለውን ሳጥን አሳያቸው። «እግሯን» አለ።

እናቴ ተነሣች። ፊቷ ተቧጭሮ ይደማል። ሳጥኑ ዘንድ ደርሳ እጇን ከላዩ አኖረች።

«እግሯን ብቻ?»

«እግሯን ብቻ።»

«ሌላው አለ?»

«ሌላው ሁሉ አለ።»

እናቴም እልል አለች።

አባቴና እኔ ይገድላታል ብለን የደበቅነውን ወሬ እናቴ በእልልታ ተቀበለችው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ የት እንደሚያርፍ አላውቅም። ሴቶቹም ተቀበሏት፤ ዓቢይ ጾም ላይ፣ መቃብር ተቆፍሮ ሳለ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ እልልታ ሆነ። የለቅሶውን ንፍሮ ተሸክመው የመጡ አንዲት አሮጊት ግራ ተጋብተው፣ «እንግዲህ ንፍሮውስ? ቀቅለነዋል እኮ!» አሉ። የንስሐ አባታችን «ብሉት። ለእግሯም ይሁን» አሏቸው። በሉት። ከዚያ ተያይዘው ሄደው እግሬን ቀበሩት። ለአንድ እግር ፍትሐት የለም ብለው ቄሱ አልፈቱም፤ «አባታችን ሆይ» ግን አብረው ደገሙ።

አጎቴ ተመልሶ ይህን ሲነግረን አባቴ ሳቁ። «ጨው ያንሰዋል!» እያሉ ሳቁ። ሳቁ ረዘመባቸው። በኋላ ሳየው ሳቅ አልነበረም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ደጅ ወጡ።

ለፋሲካ በበቅሎ አገሬ ገባሁ። ያለቀሱልኝ ሴቶች በደጃችን ተደርድረው ጠበቁኝ። ክራንቼን ብብቴ ሥር አድርጌ ስወርድ ዓይኔን ከመሬት አላነሣሁም።

«ነይ እስኪ፣ ልይሽ!» አለች አንዷ ጎረቤታችን፣ አገጬን በጣቷ ቀና አድርጋ። «ጉንጬን ታያለሽ? ላንቺ ነው የተቧጨርኩት። እስካሁን አልሻረም።»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«ምን ያደርግልኛል ይቅርታሽ? እንባዬን መልሺ!»

ሁሉም ሳቁ። አቅፋኝ ግን ትንሽ ቆየች፤ ጀርባዬን እንደ ጨቅላ ልጅ ትዳብሰኝ ነበር።

እናቴ ሌላ ሰው ሆና ነበር። ያቺ የተሰበረ ነገር ማየት የማትወድ ሴት ቁስሌን አጠበች፤ የክራንቼ ጫፍ ብብቴን እንዳይልጠኝ በጥጥና በጨርቅ ጠቀለለችልኝ። ያዘነልኝን ሰው ሁሉ ትገሥጽ ነበር። በሷ ሐሳብ ነገሩ አልቋል። ሞት እስከ ደጃችን መጥቶ፣ ተለቅሶለት፣ ንፍሮ ተበልቶለት፣ እግሬን ይዞ ተመልሷል። ከእንግዲህ የሚፈልገው የለውም። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይህን ትናገራለች። አባቴ ሲሰሙ ይነሡና ከብቶቹን ለማየት ይሄዳሉ። ሳንባ የሚለውን ቃል የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን፤ እኔ ደግሞ እንዳልሰማሁ ተስማምተናል።

በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ሦስታችንም ቤተ ክርስቲያን ስመን ስንወጣ መቃብሩን አየሁት። ከወይራው ሥር ነው። ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበታል። ርዝመቱ ግን የአንድ ሙሉ ሰው ነበር።

«አባዬ፣ ለእግር ይህን ያህል?» አልኳቸው።

«ሳያውቁ ነው የቆፈሩት» አሉ። ጎንበስ ብለው አንዱን የተንሸራተተ ድንጋይ ወደ ቦታው መለሱ።

እናቴ ሳቀች። «እግርሽ ወደ ግርጌው ነው። ከራስጌ ያለው ሰፊው የኔ ነው። እኔ ነኝ የምቀድም፤ ተናግሬያለሁ፤ ማንም እንዳይወስድብኝ» አለች።

አባቴ ድንጋዩን እንደያዙ ቆዩ።

ከዚያ ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ። ሁለት ክራንች ይዞ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አይቻልም። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የጃንሆይ ሥዕል ከበላዬ፣ ፊቴን ለተማሪዎቹ ሰጥቼ ማውራት ግድ ሆነብኝ። የሚጻፈውን ተማሪዎቹ በተራ ይጽፋሉ። መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉ ጸጥ አለብኝ፤ ጸጥታው ከሳቁ ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር። በኋላ አንዷ ከኋላ ተነሥታ፣ «ሚስ፣ አሁንስ ጠመኔው ተረፈ» አለች። ሳቁ። ያቺን ልጅ እወዳታለሁ። ለካ ስናገር ያዳምጡኛል። ያ ጊዜ በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ወራት ይቆጠራል።

ክረምቱ ሲገባ ሳል ጀመረኝ። ዝናቡ ነው አልኩ። የላህ ወንዝ ሞልቶ ሲጮህ እየሰማሁ፣ ትኩስ ነገር እየጠጣሁ ከረምኩ። ሳሉ ግን ደረቅ ነበር፤ አልጋ ላይ ስጋደም ትንፋሽ ያሳጥረኛል። መስከረም ላይ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ራጅ አንሥተው ብርሃን ላይ ሰቅለው ብዙ አዩት። ይህን ጊዜ አባቴ የሉም፤ ወደ ውጭ የሚያስወጣኝ ሰው የለም። ለእኔ ነገሩኝ።

እያዳመጥኩ በልቤ እተረጉም ነበር። የልጅቱ ሳንባ ውስጥ ገብቷል ይላሉ። ቢቆረጥ የሚቆረጥ ነገር አይደለም ይላሉ። አዲስ አበባም ብትሄድ ከዚህ የተለየ አታገኝም ይላሉ። ሕመሟን የሚያስታግሥ መርፌ እንሰጣታለን ይላሉ። የምነግረው ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም። አመስግኜ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ካለው ከዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ።

ጥቅምት ላይ፣ ኑጉ በየማሳው አብቦ ሳለ፣ አገሬ ገባሁ። አባቴ ከበቅሎ ሲያወርዱኝ ትንፋሼን ሰሙ።  በማግስቱ ከደጅ ተቀምጠው ሞፈር ሲያበጁ አጠገባቸው አረፍ ብዬ ነበር፤ ቀና ሳይሉ፣

«ልጅቱ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ያሉት ደርሷል» አልኳቸው።

መጥረቢያውን መሬት አስቀመጡ። እጃቸውን የሚያኖሩበት ያጡ ይመስል ጭናቸውን ዳበሱ። «እናቷ አትስማ» አሉ።

እሺ አልኩ። ለመፈጸምም ሞከርኩ። እናቴ ሳሌን በማርና በነጭ ሽንኩርት ታክመኛለች። ለመጪው ፋሲካ ቀሚስ ልታሠራልኝ ጥጥ ትፈትላለች። ስትፈትልም ስለ እርጅናዬ ታወራልኛለች፤ እኔ አሮጊት ሆኜ፣ እሷ ከወይራው ሥር ከራስጌው ተኝታ፣ በየሰንበቱ ምን እንደማመጣላት። ጆሮዋን ወደ ደረቴ አቅርባ ስታዳምጥ «ዛሬስ ቀንሷል» ትላለች። «አዎ፣ እምዬ» እላታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ማሳ ሄደው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እንዝርቷ ይሽከረከራል። መሸከም አልቻልኩም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«እምዬ፣ ፍኖተ ሰላም ስለምታስተምር አንዲት ልጅ ልንገርሽ?»

እንዝርቱ ቆመ። ቆይቶ እንደገና ተነሣ። «ንገሪኝ» አለች።

ነገርኳት። ልጅቱ አጥንቷን እንደታመመች፣ እግሯ እንደተቆረጠ፣ ሐኪሙ ለአባቷ ቀድመው ምን ብለው እንደነበር፣ አሁን ደግሞ ለራሷ ምን እንዳሏት። ልጅቱ እንደምትፈራ ነገርኳት። ይህን ለአባቴም አልነገርኩም ነበር። እናቴ አላቋረጠችኝም። 

«አባቷ ያውቃሉ?» አለች።

«ያውቃሉ።»

«እናቷስ?»

«አታውቅም።»

ጣቷን በምራቋ አርጥባ ክሩን ቀጠለች። «ታውቃለች» አለች። «ከጠበሉ ጊዜ ጀምራ ታውቃለች።»

አልዞርኩም።  ተነሥታ አንዱን ክራንቼን ከተደገፈበት ግድግዳ ስታነሣው ግን ዞሬ አየኋት። ያረጀውን ጨርቅ ፈታች። ለቀሚሴ ካበጠረችው ጥጥ ወፍራም አድርጋ ቆርሳ ጫፉ ላይ አኖረች፤ በአዲሱ ክርም ደጋግማ ጠመጠመችው። ስታጠብቅ ክሩን በጥርሷ ትይዝ ነበር። 

«እስኪ ሞክሪው» አለችኝ።

ተነሥቼ እስከ በሩ ሄድኩና ተመለስኩ።

«አሁንስ?»

«ደህና ነው» አልኳት።